ሱዢቶን ለመውረድ ምን አዘጋጀሁ፣ ምንስ ተማርኩ

ደቡብ ፈረንሳይ ካለችው ከማርሴይ መሀል ከተማ የሚነሳ አውቶቡስ መጨረሻው ሉሚኒ የሚባል ሰፈር ነው። ከዚያ በእግር ወደ ደቡብ ስትሄዱ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ይጀምራል። በገደሎቹ መሀል ሜዲትራኒያን በጠባቡ እየገባ ትንንሽ ወሽመጦች ሠርቷል። ፈረንሳዮች ካላንክ ይሏቸዋል። እኔ የሄድኩት ሱዢቶን ወደሚባለው ነው።

ሰመር ላይ ሱዢቶን ዝም ብሎ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በቀን የሚፈቀደው ለ400 ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ በኢንተርኔት ለተመዘገበ። ክፍያ የለውም። ድሮ በአንድ ቀን እስከ 2,500 ሰው ይወርድ ነበር። ያ ሁሉ እግር አፈሩን እየጠረገ የጥዶቹን ሥር አራቁቶታል። ሥሮቹን መንገዱ ላይ ተጋድመው አየኋቸው። እኛ አገር ጎርፍ ያጠበውን ተዳፋት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጓደኛዬ «ባሕርም በቀጠሮ ሆነ እንዴ?» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ገደቡን ከልቤ እደግፋለሁ። አፈር አንዴ ከሄደ ዛፉም ይሄዳል።

ምዝገባው ብቻውን አይበቃም። ጫካው በሰመር ክው ብሎ ይደርቃል፤ እሳት ከተነሳ ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ድረስ መግባት የሚቻል መሆኑ በየቀኑ ይወሰናል፤ የነገው ዛሬ ማታ ይታወቃል። የቀኑ የእሳት አደጋ ምልክት ቀይ ከሆነ ተመዝግባችሁም ቢሆን አትገቡም። ማጨስማ ጭራሽ አይታሰብም።

ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ታች ቧንቧ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ሽንት ቤትም የለም። ሦስት ሊትር ውሃ ይዤ ነበር፤ ስመለስ ጠብታ አልቀረኝም። ጠዋት በጥላ የወረዳችሁት መንገድ ከሰዓት በኋላ ዳገት ነው፣ ድንጋዩም ሙቀቱን ይመልስባችኋል። ፀሐይዋ እስክትበርድ ጠብቄ መውጣቴ በጣም ጠቅሞኛል። ጫማ ላይ አትሰስቱ፤ ኖራው በሰው እግር ተወልውሎ ያንሸራትታል። ለውሃው ደግሞ የላስቲክ ጫማ ያዙ፤ ዓለቱ ሥር እሾሃማው የባሕር ጃርት አለ።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ንፋስ ሲነፍስ የላዩን ሙቅ ውሃ ወደ ውጭ ይገፋና ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል። ስለዚህ ከንፋስ ማግስት ጁላይም ቢሆን ቀስ ብላችሁ ግቡ። ደጋ ላይ ላደግን ሰዎች ይህን ደግሜ መናገር እፈልጋለሁ፦ ዳርቻው ቶሎ ይጠልቃል፣ እንደ ከተማው ባሕር ዳርቻ የሚጠብቃችሁ ነፍስ አድን አታገኙም። ፊት ለፊት መርከብ የሚመስለው ዓለት ላይ የሚዘሉትን አይታችሁ አትከተሉ። ዋና የማትችሉ ከሆነ ዳር ላይ እግር መንከርም ደስታ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ከውሃው በታች ያለው ነው። ካላንኮቹ ድሮ ሸለቆ ነበሩ፤ የበረዶው ዘመን ሲያልቅ ባሕሩ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሞላቸው። እዚያው ሰፈር፣ ሞርዢው የሚባለው ካላንክ አጠገብ፣ መግቢያው 37 ሜትር ውሃ ሥር የሆነ ኮስኬር የሚባል ዋሻ አለ። ግድግዳው ላይ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የተሳሉ ፈረሶችና የባሕር ወፎች አሉ። የሳሏቸው ሰዎች በእግራቸው ነበር የገቡት። መነጽር አድርጌ ወደ ታች ሳይ የማየው የባሕር ወለል መሆኑ ቀርቶ የሰው መሄጃ መሰለኝ። ይህን ሳላውቅ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ነገር አጣው ነበር።

ቦታ ካላገኛችሁ ወይም ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ካሏችሁ ከማርሴይ በስተምሥራቅ ባለችው ትንሽ ከተማ በካሲስ በኩል ሂዱ። ጀልባዎች የተደረደሩበትን ካላንክ ፖር ሚዩን አልፋችሁ ፖር ፓን የሚባለው ካላንክ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ይቀላል፣ ዳርቻውም ረጋ ያለ ነው። እናቴ ስትመጣ እኔም የምወስዳት ወደዚያ ነው።