ሁለት ኪንግ የጣልኩበት ሌሊት

ላስ ቬጋስ የገባሁት በሰኔ ነው፤ ሙቀቱ ገና ከበሩ ሲቀበልህ እንደ ምድጃ ፊት ላይ የሚያነድድበት ወር። በረራውን አልተርክም፤ ረጅም ነበር፣ አለቀ። ያናደደኝን ግን ሳልናገር አላልፍም። ክፍሉን በኢንተርኔት ስይዝ ለአንድ ሌሊት 39 ዶላር ይላል። እንግዳ መቀበያው ጋ ስደርስ «የሪዞርት ክፍያ» የሚሉት ነገር ተጨመረና ሒሳቡ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለመዋኛ ገንዳውና ለዋይፋዩ ነው አሉኝ። ዋና አልችልም። ዋይፋዩም ክፍሌ ድረስ አይመጣም። ማታ ደግሞ አየር ማቀዝቀዣው ሲያጓራ አደረ፣ እኔም ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ አደርኩ።

የመጣሁት ለፖከር፣ በገንዘብ ለሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር የሚባለው ትልቁ ውድድር በየዓመቱ በዚህ ወቅት እዚህ ይካሄዳል፤ ከ2022 ጀምሮ ሆርስሹና ፓሪስ በተባሉ ጎን ለጎን ባሉ ሆቴሎች ውስጥ ነው። የዋናው ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ስለሆነ ለኔ አይታሰብም። ግን ሳተላይት የሚባል አለ። ትንሽ ከፍለህ ትጫወታለህ፣ ሽልማቱ የትልቁ ውድድር መግቢያ ትኬት ነው። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የኢንተርኔት ሳተላይት ተነሥቶ ዋናውን ውድድር አሸነፈ፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ሄደ። እንደኔ ያለውን ሁሉ ያሳበደው እሱ ነው። የኔ ምኞት እንኳ ከዚያ ያነሰ ነበር፤ 130 ዶላር ከፍዬ የ1,100 ዶላር ውድድር ትኬት ማግኘት።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ሄደልኝ። 80 ሰው ጀምረን ዘጠኝ ቀረን፤ ትኬቱ ስምንት ነው። ሁለት ኩዊን መጣልኝ። ከኔ በላይ ቺፕ፣ ማለት መወራረጃ ጠጠር፣ ያለው ሰውዬ ያለውን ሁሉ ገፋ። ቤት ከጓደኞቼ ጋር ስንጫወት ጥሩ ካርታ የጣለ፣ ማለት ሳይወራረድ የተወ ሰው ለሳምንት መሳቂያ ነው። እኔ ደግሞ ጥዬ አላውቅም፣ በዚህም እኮራለሁ። ያለኝን ሁሉ ይዤ ገባሁ። ሰውዬው አስና ኪንግ ዘረጋ። ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ዕድል ነበረኝ። ለሁላችንም ጠረጴዛው ላይ ከሚዘረጉት ካርታዎች የመጨረሻው አስ ሆኖ ወጣ፤ የሱ ሁለት አስ የኔን ሁለት ኩዊን በለጠ። ስምንቱ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፣ እኔ ቦርሳዬን አነሣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ከጠረጴዛችን ትኬት ያገኙ አንድ ሽማግሌ ደረሱብኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ገዝተው ሰጡኝ፣ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስንት ቺፕ ነበረህ?»

«190,000 ገደማ። ሁለተኛ ነበርኩ።»

«ጥግ ላይ 14,000 የቀረውን ልጅ አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። ካርታዬን ነበር የማየው።

ሽማግሌው እስክሪቢቶ አውጥተው ናፕኪን ላይ ጻፉልኝ። በሳተላይት አንደኛ የወጣም ስምንተኛ የወጣም የሚወስደው ያንኑ ትኬት ነው። ብታሸንፍ ቺፕህ እጥፍ ይሆናል፣ ትኬትህ ግን ያው አንድ ነው። ብትሸነፍ ባዶህን ትሄዳለህ። ብትጥል ደግሞ ያ ልጅ ሁለት ጨዋታ አይቆይም፤ በየተራ በግዴታ የሚከፈለው ብላይንድ ብቻ ይበላዋል፣ አንተም ትኬትህን ይዘህ ትነሣለህ። «እዚያ ቦታ ላይ ሁለት አስም ቢሆን እጥላለሁ» አሉኝ። ሁለት አስ ከማንኛውም ካርታ ጋር ቢገጥም ከ100 85 ጊዜ ያሸንፋል። ሳትነካው ከ100 97 ጊዜ ትኬቱ የአንተ ከሆነ ታዲያ 85ቱ ምን ያደርግልሃል? ናፕኪኑን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እውነቱን ለመናገር ግን አላመንኳቸውም።

በማግስቱ ሌላ 130 ዶላር። መካከሉን ልዝለለው፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ፈጅቷል። እንደገና ዘጠኝ ቀረን፣ እንደገና ስምንት ትኬት። አሁን መጀመሪያ ያየሁት የሰዎቹን ቺፕ ነው። አንዷ ሴትዮ ሦስት ቺፕ ብቻ ቀርቷታል፤ በጣቷ ደጋግማ ትደረድራቸዋለች፣ ታፈርሳቸዋለች። እኔ በቺፕ ሦስተኛ ነኝ። አንደኛው ልጅ ሁሉንም ገፋ። ካርታዬን በአውራ ጣቴ ቀና አድርጌ አየሁ። ኪንግ። ኪንግ።

ላቤ መጣ። ሁለት ኪንግ! ሲጀመር ከሚታደሉት ካርታዎች የሚበልጠው ሁለት አስ ብቻ ነው። ሕሊናዬ «ጣል» ይለኛል፣ እጄ ቺፑ ላይ ነው። ካርታ አዳዩ ሁለቴ አየኝ። ካርታውን ገፋሁለት። ሌሎቹም ጣሉ። ልጁ ሳቀና ሁለት ሰባት ገልብጦ አሳየን። ሆዴ ተገለባበጠ። ከሁለት ጨዋታ በኋላ ሴትዮዋ ወጣች፣ እኔ ትኬት ተቀበልኩ፣ ደስታው ግን እስከ ሌሊት ድረስ አልመጣልኝም፤ ሰባቶቹ ዓይኔ ላይ ነበሩ።

የ1,100 ዶላሩ ውድድር አራት ሰዓት አልቆየልኝም። ገና መጀመሪያ ላይ ነን፣ ሽልማቱ ሩቅ ነው፣ ትኬት ምናምን የለም። ሁለት ኪንግ መጣልኝ፣ አንዱ ሁሉንም ገፋ፣ ሳላቅማማ ገባሁ። ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ ኪንግ ኪንግ ስትይዝ ከሌሎቹ አንዱ ሁለት አስ የመያዙ ዕድል 4 በመቶ ገደማ ነው። ይዞት ነበር። ስወጣ ሽማግሌው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ በእጄ ሁለት ኪንግ መሆኑን ምልክት ሰጠኋቸው። ትከሻቸውን ነቀነቁ። እሱ አይጣልም ማለታቸው ነው።

ኤርፖርት ሆኜ ለጓደኞቼ ሁሉንም ጻፍኩላቸው። በአስ መሸነፌን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። «ኪንግ ኪንግ ይዘህ ጣልክ? ታመሃል?» ነው የሁሉም ነገር። ናፕኪኑን ፎቶ አንሥቼ ልልክላቸው ኪሴን ስፈትሽ የለም፤ ሆቴሉ ቀርቷል።