ስክሪን ካሊብሬት ማድረግ፦ እስካሁን ያየሁት

የሰርግ ፎቶ ኤዲት ለምትሠሩ ሁሉ፦ ስክሪናችሁን ካሊብሬት ስታደርጉ፣ ማለትም ቀለሙንና ብርሃኑን ለክታችሁ ስታስተካክሉ፣ ከመለኪያ መሣሪያው በፊት ብራይትነሱን ቀንሱ። "ኅትመቱ ጨለመ" እያልን ማተሚያ ቤቱን የምናማው ብዙ ጊዜ በከንቱ ነው። ሞኒተር ከፋብሪካ ሲወጣ ለዓይን እንዲስብ በጣም ደምቆ ነው የሚመጣው። ለኅትመት ለሚሠራ ሰው ግን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የስክሪን ድምቀት የሚለካበት ነው) ይበቃል። ስክሪኑ ሲደምቅ ፎቶው የበራ ይመስለናል፣ እናጨልመዋለን። ወረቀት ደግሞ ከራሱ ብርሃን የለውም። እኔ 100 አካባቢ ላይ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ ይደብራል፣ ዓይን ግን ቶሎ ይለምዳል።

ከዚያ ወደ ልኬቱ። ሶፍትዌሩ ዲስፕሌይካል ነው፣ በነፃ ይገኛል። ከለሪሜትሯን፣ ማለትም የስክሪኑን ቀለም የምታነበውን ትንሽ መሣሪያ፣ ግን መግዛት ወይም መዋስ ግድ ነው። ስክሪኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይሙቅ፤ ናይት ላይትና አውቶ ብራይትነስ ይጥፉ። ከለሪሜትሯ በገመዷ ተንጠልጥላ ስክሪኑ መሃል ላይ ትውላለች። ስክሪኑን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሉት፣ አለበለዚያ በክፍተቱ የክፍሉ ብርሃን ይገባና ልኬቱን ያበላሸዋል። ሶፍትዌሩ ግራጫውን፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውን እያፈራረቀ ያሳያል፤ እሷ ታነባለች። እኔ የመረጥኩት ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን (ከጥቁር እስከ ነጭ ብርሃኑ የሚጨምርበትን አካሄድ) 2.2 ነው። ውጤቱ አይሲሲ ፕሮፋይል የሚባል፣ ኮምፒውተሩ የስክሪኑን ቀለም እንዲያርም የሚረዳ ትንሽ ፋይል ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የታየኝ ነጠላ ላይ ነው። የብዙ ስክሪን ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያንን ለማረም ቢጫ የጨመረ ሰው ታትሞ ሲመጣለት ነጠላው ሳሙና ያልነካው ይመስላል። የጥቁር ሱፍ እጥፋትም አሁን ይለያል፣ ድሮ አንድ ጨለማ ነበር።

ታዲያ ካሊብሬሽን ስክሪኑ የሌለውን ቀለም አይፈጥርም። ርካሽ ላፕቶፖች እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን ኤስአርጂቢ የሚባለውን መደበኛ የቀለም ክልል እንኳ ሙሉ በሙሉ አያሳዩም። የጥለቱ ደማቅ ቀይ እዚያ ላይ ሁሌም ደብዝዞ ነው የሚታየው፣ ምንም ብታደርጉ። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ጥሩ አይፒኤስ ሞኒተር (ከጎን ሲታይ ቀለሙ ብዙም የማይለዋወጥ) ግዙ። ከለሪሜትሯን አራት አምስት ሆናችሁ አዋጡባት፤ በወር አንዴ ነው የምትፈለገው።

ደንበኛው በቴሌግራም፣ በተሰነጠቀ ስልክ ሲያየው ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ፤ እሱን ትቼዋለሁ። አሁን የያዝኩት ማተሚያ ቤቶችን የወረቀታቸውን ፕሮፋይል፣ ማለትም ቀለም በወረቀታቸው ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚገልጸውን ፋይል፣ መጠየቅ ነው። የሚሰጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።