መልስ ካልሰጠስ?

አዳማ ውስጥ ለሚካሄዱ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሥራው አይጠፋም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ቅርብ ናት፤ አዳራሽ ያለው ሆቴልም ሞልቷል። ረቂቅ አዋጅ ይዘው ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚመጡ ብዙ ናቸው። እኔ ጥግ ይዤ ላፕቶፔን እዘረጋለሁ። ቀን የተባለውን እጽፋለሁ፣ ማታ አሳጥሬ አስረክባለሁ።

በማሳጠር እኮራ ነበር። የሃያ ደቂቃ ንግግር በሁለት መስመር ሲያልቅ ትልቅ ችሎታ ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው ግንቦት ነው። የአዳማን የግንቦት ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመቱን ሥራ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን ረቂቆች ይጣደፋሉ። ያኔ የተሰበሰብንበት ረቂቅ ስለ ሥራ ፈቃድ አሰጣጥ የሚያወራ ክፍል ነበረው። አንዱ ንዑስ አንቀጽ «ማመልከቻ የቀረበለት አካል በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ይሰጣል» ይላል። አጭር ነው፤ የሚያከራክር አይመስልም። ሰው ሁሉ ገጹን ገለበጠ።

አንዲት የምክር ቤት አባል እጃቸውን አወጡ። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ብዙም አልተናገሩም። ማይኩን ወደ ራሳቸው ሳቡና «መልስ ካልሰጠስ?» አሉ።

አዳራሹ ጸጥ አለ።

ከዚያ ቀጠሉ። በምርጫ ክልላቸው አንዲት ሴት የልብስ ስፌት ልትከፍት ቤት ተከራየች። ማመልከቻዋን አስገባች። «እምቢ አላሏትም። እሺም አላሏትም። ነገ ነይ ብቻ ነው። አራት ወር የዝግ ቤት ኪራይ ከፈለች። በመጨረሻ የስፌት መኪናዋን ሸጠች።»

ቀጥለው ሕገ መንግሥቱን አነሡ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፊርማ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል። ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። አንቀጽ 57 ነው። «ርዕሰ ብሔሩ ዝም ቢል እንኳ ሥራ አይቆምም ብለን ጽፈናል። ታዲያ የአንድ ጽሕፈት ቤት ዝምታ ለምን ሰው ያቆማል? በጊዜው መልስ ካልተሰጠ እንደተፈቀደ ይቆጠራል የሚል ይጨመርበት።»

እውነቱን ለመናገር እጄ ከኪቦርዱ ላይ ቆሞ ነበር። ደግነቱ ድምፁ እየተቀዳ ነው።

ማታ ላይ ደክሞኛል። ከአርባ በላይ አስተያየት ይጠብቀኛል። የእሳቸው ተራ ሲደርስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ተሳታፊዋ የመልስ መስጫ ጊዜው ግልጽ እንዲሆን አሳስበዋል።» አስረክቤ ተኛሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሰብሳቢዎቹ እዚያው አዳራሽ ተመለሱ። በዚህኛው ዙር የአስተያየትና የምላሽ ሠንጠረዥ ተባዝቶ ታድሏል። በግራ በኩል የኔ ዓረፍተ ነገር አለ። በቀኝ በኩል የአርቃቂዎቹ መልስ፦ «የጊዜ ገደቡ 15 የሥራ ቀናት ተብሎ በግልጽ ተቀምጧል። ማሻሻያ አያስፈልግም።»

አርቃቂዎቹ አልተሳሳቱም። በመጀመሪያው ዙር አልነበሩም፤ የደረሳቸው የኔ ወረቀት ብቻ ነው። ለጻፍኩት ነገር ትክክለኛውን መልስ ሰጡ። ያልጻፍኩትን ከየት ያምጡት?

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ይህን አላልኩም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ።

ሻይ ሰዓት ላይ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። «ክብርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ቁጭ በል ልጄ» አሉኝ። ሻይ አስመጡልኝ። «እኔ ምክር ቤት ውስጥ የምናገረው ደቂቃ ተቆጥሮልኝ ነው። እሱን ለመናገር ግን ሰው ቤት ሄጄ ግማሽ ቀን ተቀምጫለሁ። ያቺ ልጅ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። አንተ ‹አሳስበዋል› ስትል እሷ ከወረቀቱ ወጣች።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ የድሮ ቃለ ጉባኤዎቼን ከፍቼ አየሁ። «አሳስበዋል»፣ «ጠቁመዋል»፣ «ትኩረት እንዲሰጠው ጠይቀዋል» በየገጹ ሞልቷል። እነዚህ ቃላት ሰውየው መናገሩን ይመሰክራሉ። ምን እንዳለ ግን አይነግሩም። ስንቱን እንዲህ እንዳስቀረሁት እያሰብኩ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ብዙ ሰው የሕግ ክርክር ሲባል ትዝ የሚለው በቴሌቪዥን የሚያየው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት እያንዳንዱ አባል በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ሊናገር አይችልም። ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ባለድርሻዎችን ይሰማል፣ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል ለሕጉ የሚያደርገው አስተዋጽኦ አብዛኛው የሚታየው ካሜራ በሌለበት፣ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ አባሉ ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው አስተያየት እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። አስተያየቱ መንገድ ላይ እንዳይጠፋ የመጠበቁ ሥራ ግን እንደኔ ያለው ጸሐፊ እጅ ላይ ይወድቃል። ይሄ ያኔ አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ሰብሳቢው የድምፅ ቅጂው እንዲሰማ ፈቀዱ። የሴትዮዋ ድምፅ በስፒከር ወጣ። አራት ወር የዝግ ቤት ኪራይ፣ የተሸጠች የስፌት መኪና።

ከአርቃቂዎቹ አንዱ ጥሩ ነገር አነሣ። «ለልብስ ስፌት ይሁን። ለመድኃኒት መደብርስ? ማንም ሳያየው እንደተፈቀደ ቢቆጠር ሰው ይጎዳል።» እውነቱን ነው። ሴትዮዋም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲጥል፣ በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ። በሰው ጤና ላይ አደጋ በማያመጡ ሥራዎች ላይ፣ ጊዜው ካለፈ እንደተፈቀደ ይቆጠር። በሌሎቹ ላይ፣ የዘገየው አካል ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ አመልካቹም ለበላይ አቤት ይበል። ይህ በውሳኔ ሐሳቡ ውስጥ እንዲገባ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። በኔ ሁለት መስመር የተነሣ ሳይካሄድ ሊቀር ነበር።

ዛሬ ሳሳጥር ሦስት ነገር አልነካም፦ ተናጋሪው ጎደለ ያለውን፣ ይግባ ያለውን ቃል እንደወረደ፣ ያመጣውን ምሳሌ። ሌላው ያጥራል። ማታ ከማስረከቤ በፊትም የአስተያየቱን ባለቤት ፈልጌ አነብለታለሁ። አንዳንዱ ይሰለቻል። ግድ የለም።

ይህን የጀመርኩት በዚያው ቀን ነው። አመሻሹ ላይ ሴትዮዋ ሻንጣቸውን ይዘው መኪና ሲጠብቁ አገኘኋቸው። አዲሱን ጽሑፍ በረንዳው ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«የኪራዩን ወር አልጻፍክም» አሉ።

«ስንት ነበር ክብርት?»

«አራት።»

ቆሜ ጻፍኩት።