ሰማያዊ ስፕሩስ ሳዳቅል የሞቱብኝ 29 ችግኞች

የምሠራው አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ፣ ዊላሜት ሸለቆ ባለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጥር ላይ 40 ሰማያዊ ስፕሩስ (እንደ ጥድ ያለ፣ ቅጠሉ መርፌ የሚመስል ዛፍ) አዳቀልኩ። የያዙት 11 ብቻ ነበሩ። በጣም አዘንኩ።

ማዳቀል ስል አቮካዶ ላይ የሚሠራውን ዓይነት ማለቴ ነው። የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ማጣበቅ። የሐበሻ ጥዳችን ከዘሩ ይፈላል፤ ጣጣ የለውም። ሰማያዊ ስፕሩስን ከዘር ካፈላችሁት ግን ቀለሙ እንደ ዕጣ ነው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ ይሆናል። ቅርንጫፉን አፈር ላይ ብትሰኩት ደግሞ ሥር ማውጣት ይቸግረዋል። ስለዚህ «ሁፕሲ» የሚባለውን ብርማ ሰማያዊ ዓይነት ለማብዛት በኖርዌይ ስፕሩስ ችግኝ ላይ እናዳቅላለን።

ያኔ ቸኮልኩ። ቅርንጫፍ የሚጣበቅባቸውን ችግኞች ከብርዱ አስገብቼ በሳምንቱ ቢላዋ አነሳሁ። ገና አልነቁም ነበር። አሁን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ግሪን ሃውስ ውስጥ አቆያቸዋለሁ። ከዚያ አንዱን ከፖቱ ቀስ ብዬ አውጥቼ ሥሩን አያለሁ። ነጭ ነጭ ጫፍ ካወጣ ደርሷል። ቅጥያው፣ ማለትም የሚጣበቀው ቅርንጫፍ፣ ግን በተቃራኒው ከብርድ ቀጥታ የመጣ፣ ያልነቃ መሆን አለበት። ውሃም አብዝቼባቸው ነበር። በቆረጥኩ ቁጥር ሙጫው እየፈሰሰ ቁስሉን ሞላው። አሁን አፈሩ ጠፈፍ ካላለ አልነካቸውም።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ቅጥያው ያለፈው ዓመት እድገት ይሁን፤ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከታች 4 ሴንቲ ሜትር ያህል መርፌ ቅጠሉን አራግፋለሁ። ከግንዱ ጎን፣ ወደ ታች ጠጋ ብዬ፣ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስስ ልጣጭ እከፍታለሁ። ቅጥያውንም በዚያው ልክ ቢላዋውን አንዴ ብቻ ስቤ እቆርጠዋለሁ። ቢላዋ ከመለሳችሁበት ይጎረብጣል፤ ከጎረበጠ አይገጥምም። ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ስስ ሽፋን፣ ካምቢየም የምትባለው፣ ቢያንስ በአንድ ጎን መገናኘት አለባት። ቅጥያው ከግንዱ ስለሚቀጥን መሃል ላይ ካስቀመጣችሁት በሁለቱም ጎን ይስታል። እኔ ለዓይን እንዲያምር መሃል መሃል ላይ ነበር የማስቀምጠው! ከሞቱብኝ ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ከዚያ በጎማ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ፕላስቲክ ድንኳን ሥር እርጥበት ሳይለየው ማቆየት ነው። ደግሞ የሥረኛውን ችግኝ አናት ቶሎ እንዳትቆርጡት። እስኪያያዙ ድረስ ሥሩን የሚመግበው እሱ ነው። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያሉ ማሳጠር ነው የሚሻለው።

በሁለተኛው ዓመት ከ40 ውስጥ 33 ያዙልኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ችግኞቹ አደጉ፤ ግን ወደ ጎን! ቀርከሃ አስደግፌ ባስራቸውም ብዙዎቹ አሁንም መሬት ለመሬት ይዘረጋሉ። ለካ ቅጥያዎቹን እጄ ከሚደርስበት፣ ከታችኛው የጎን ቅርንጫፍ ነበር የለቀምኳቸው። ስፕሩስ ላይ የጎን ቅርንጫፍ ግንድ ሆኖም የጎን ቅርንጫፍነቱን በቀላሉ አይተውም። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ የቆየ ባልደረባዬ አይቷቸው «ከአናቱ ነበር መውሰድ የነበረብህ» አለኝ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ምን ነበረበት!

ዘንድሮ ጥር ላይ መሰላል ይዤ ወጣሁ። ከእናት ዛፎቹ አናት ያገኘሁት ቅጥያ 26 ብቻ ነው። ሃያ ስድስቱን አዳቅዬ፣ የተረፉትን ችግኞች ለሚቀጥለው ዓመት መለስኳቸው።