የአቤቱታ ሣጥኑ

ሐሙስ የጉብኝት ተራዬ ነበር። እዚህ እንግሊዝ አገር በየእስር ቤቱ እንደ እኔ ያሉ ደመወዝ የማይከፈላቸው ነዋሪዎች የሚያገለግሉበት ነጻ የክትትል ቦርድ አለ፤ መሠረቱ በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው የእስር ቤቶች ሕግ ነው። ቁልፉን ወገቤ ላይ በሰንሰለት አስሬ ያለ ቀጠሮ እገባለሁ። ጠባቂ በማይሰማበት ቦታም ከታራሚ ጋር አወራለሁ።

መጀመሪያ የማየው ከሌሎቹ ተለይተው ለብቻቸው የታሰሩትን ታራሚዎች ነው። ቀጥሎ የአቤቱታ ሣጥኑን እከፍታለሁ። አብዛኛው ወረቀት ስለ ጠፋ ንብረት ነው፦ ከሌላ እስር ቤት ሲዛወሩ የቀረ ሻንጣ፣ የእናት ፎቶ። ውጭ ላለ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እዚያ ውስጥ ግን ለሰውየው የቀረው ነገር ያ ብቻ ነው።

አንድ ወጣት በአማርኛ፣ “እማማ፣ ሌሊት አሞኝ ደወሉን ብደውል ብደውል ማንም አልመጣም” አለኝ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ሊደርሱለት ይገባ ነበር። መዝገቡን አስወጥቼ አየሁ፤ 40 ደቂቃ ይላል። ወረቀቱን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

ማዘዝ አንችልም። መጠየቅ፣ መጻፍ፣ በየዓመቱም ለሚኒስትሩ ሪፖርት ማቅረብ ነው ሥራችን። ይህ ያንገበግበኛል። በሚቀጥለው ሐሙስ ያንኑ መዝገብ እንደገና አስወጣለሁ።