ድሬን በእግር ለምታዩ

ዛሬ የድሬዳዋን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን፣ ወንዙን ደቻቱንም በእግር ስናካልል ዋልን። ድሬን ልታዩ ለምትመጡ ትንሽ ልበል።

ከምድር ባቡር ጣቢያው ጀምሩ፤ ከተማዋን የወለዳት እሱ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ድረስ እንዲወጣ ነበር። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ግን ወደ 1,900 ትጠጋለች። ያንን ዳገት በሐዲድ መውጣት ከባድም ውድም ስለሆነ ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ 1909 ሆኖ ነበር። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው፤ የአሁኑ ባቡር በሌላ መስመር የሚሄደው አንድም ለዚህ ነው። የአሮጌውን ባቡር ወርክሾፕ ለማየት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ከዚራ ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድና የዛፍ ጥላ ነው። መጋላ ደግሞ ጠመዝማዛ፣ ጫጫታ፣ ንግድ። (ለእኔ መጋላ ይበልጣል፣ አቦ!) መሃላቸው ደቻቱ ነው።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ እንግዳ ይንቀዋል። ጎርፉ የሚመጣው ከደቡብ ተራሮች ነው፤ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ክረምት ላይ በተራራው በኩል ከጠቆረ አሸዋው ውስጥ አትውረዱ፣ በድልድይ ተሻገሩ።

ከፊራ ገበያን በጠዋቱ ጨርሱ። ከ5 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አያስኬድም።