አንድ አገር አሳልፌ ወረድኩ

ሰው በአውቶቡስ ሲሄድ ሐሳብ ይዞት ወይም እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት አንድ ፌርማታ ቢያሳልፍ የሚገርም ነገር የለውም፤ ወርዶ ጥቂት መንገድ በእግሩ ይመለሳል፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል። እኔ ያሳለፍኩት ግን ፌርማታ አይደለም። ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አክስቴን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን መርሐ ግብር በኪሴ ይዤ፣ ሊችተንስታይን የሚባለውን አገር ከደቡብ ጫፉ እስከ ሰሜን ጫፉ ዓይኔ እያየ አሳለፍኩት። ወራት ቢቆጠሩም ሌሊት በባነንኩ ቁጥር የሾፌሩ ፊት ይመጣብኛል።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ዙሪክ ድረስ ለአንድ ወር ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሐይቁን አዩ፣ በትራም ዞሩ፣ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ወደ ብር መንዝረውም ከቤት ውጭ ቡና ላለመጠጣት ማሉ። ከዚያ በኋላ «ሌላ አገርስ አታሳየኝም?» አሉኝ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን አውሮፓ የሚኖር ሰው አገሮቹ ሁሉ እንደ መርካቶ ሱቅ ተደርድረውለት ባሻው በር የሚገባ ይመስላቸዋል፤ የባቡር ትኬቱን የሚያስብለት የለም። እኔም ቅርቡንና ርካሹን ሳሰላ ሊችተንስታይን ወጣልኝ። ስፋቱ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቡ 40,000 ገደማ የሆነ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሌለውና በስዊስ ፍራንክ የሚገበያይ አገር ነው። ዘመዱን ፓሪስ የወሰደ ሰው ያሳየው አንዲት ከተማ ብቻ ነው፤ እኔ ግን አንድ ሙሉ አገር በአንድ ቀን ጨርሼ ላሳይ ነው። «እትዬ፣ ከዳር እስከ ዳር ነው የማሳይዎት» ብዬ ቃል ገባሁ። ይህን ቃል ቃል በቃል መፈጸሜን እስካሁን የካደኝ የለም።

መርሐ ግብሩ በደቂቃ የተሸነሸነ ነበር። ከዙሪክ እስከ ሳርጋንስ አንድ ሰዓት ያህል በባቡር፣ ከሳርጋንስ እስከ ዋና ከተማዋ ቫዱዝ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል በአውቶቡስ እንሄዳለን። ልዑሉና ቤተሰባቸው የሚኖሩበት ግንብ ለጎብኚ ስለማይከፈት ከውጭ ለማየት 25 ደቂቃ፣ ለቴምብር ሙዚየሙ 20 ደቂቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1901 የተሠራውን የእንጨት ድልድይ ተሻግሮ ስዊስን ረግጦ ለመመለስ 40 ደቂቃ መድቤያለሁ። ለምሳ በአይብ የሚሠራውን ኬዝክኔፕፍለ የሚባል ምግባቸውን መርጬ፣ ቀኑ ጾም አለመሆኑንም አረጋግጬ ነበር። ማሳረጊያው የቱሪስት መረጃ ቢሮው በ3 ፍራንክ ፓስፖርት ላይ የሚመታው የመታሰቢያ ማህተም ነው።

ከመርሐ ግብሩ ይልቅ የኮራሁበት ግን ቦክስ ፋይሉ ነው። ስለዚህ ቦክስ ፋይል ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ለጥፋቱ ግማሽ ኃላፊነት የሚወስደው እሱ ነውና። ጥቁር፣ ጀርባው የአንድ ስንዝር ያህል የሰፋ፣ ሲዘጋ የመኪና በር የሚመስል ድምፅ የሚያሰማ ነው። በውስጡ 74 ገጽ ወረቀት ነበረ፤ አገሩ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ገጽ ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው። የሁለታችን ፓስፖርት፣ የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የእሳቸው ቪዛ ቅጂ፣ የጥሪ ደብዳቤ፣ የጤና መድን፣ የቤት ኪራይ ውሌ፣ የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀቴ፣ ቢጫው የክትባት ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያቸው ቅጂ ከፊትና ከኋላ፣ እንዲሁም የእድር ደብተራቸው ገጾች ነበሩበት። ባቡሩ ውስጥ መስኮት ዳር የተቀመጠው ቦክስ ፋይሉ ነው፤ እኔ መተላለፊያው አጠገብ ነበርኩ።

የእድር ደብተሩ ለምን እንደገባ የሚጠይቅ ካለ ዘመድ ለማስመጣት ሞክሮ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ቪዛውን የጠየቅንበት ቆንስላ ለአንዲት የ68 ዓመት ባልቴት «ወደ አገርዎ ለመመለስዎ ማስረጃ ያቅርቡ» ብሎ ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። የቤት ካርታ ቀረበ፣ አልበቃም። የባንክ ደብተር ቀረበ፣ አልበቃም። በመጨረሻ አክስቴ ተቆጥተው የእድር ደብተራቸውን ይዘው ሄዱና «ሠላሳ ዓመት እድር የከፈለ ሰው ቀብሩን ጥሎ የት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። ቪዛው የተሰጠው በዚህ ምክንያት ይሁን አይሁን አይታወቅም፣ እሳቸው ግን በዚህ ነው ብለው ያምናሉ። እኔም በበኩሌ ለሚያስወጡት ወጪ እስከ 30,000 ፍራንክ ድረስ ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ፤ ስለዚህ በዚያ ወር አክስቴ ወደ ባቡር ሐዲድ ጠጋ ባሉ ቁጥር 30,000 ፍራንክ ወደ ሐዲዱ ጠጋ ያለ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ያለ ወረቀት ድንበር አይሻገርም።

በባቡሩ ውስጥ ስለ አገሩ ትምህርት ሰጠኋቸው። አክስቴ ስሙን አልያዝ ብሏቸው «የሊጥ አገር» ማለት ጀምረው ነበር። በዓለም ላይ በሁለት ድርብ ከባሕር የተዘጉ አገሮች ይህና ኡዝቤኪስታን ብቻ መሆናቸውን፣ ጎረቤቶቹ ስዊስና ኦስትሪያ ራሳቸው ወደብ ስለሌላቸው ባሕር ለማየት ሁለት ድንበር መሻገር እንዳለበት ነገርኳቸው። «እሰይ፣ ከእኛ የባሰም አለ» አሉ። ጦሩንም እ.ኤ.አ. በ1868 እንደበተነ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ጦር ከሌላቸው ኬላውን ማን ይጠብቃል?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ብነቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። እኔ ግን «ፖሊስ አይጠፋም እትዬ፤ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ጠባቂው ይገባል፣ ወረቀት ያያል፣ ከዚያ አገሩ ይጀምራል» ብዬ አስረዳሁ። የስዊስና የሊችተንስታይን የጉምሩክ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1923 መፈረሙንና በመካከላቸው ፍተሻ አለመኖሩን በገዛ ዓይኔ አንብቤ፣ በመርሐ ግብሩ ኅዳግ ላይ ሳይቀር ጽፌዋለሁ። ያነበብኩትን ግን አላመንኩትም። አንድ አገር አልቆ ሌላ ሲጀምር ጠባቂ ባይኖር እንኳ ቢያንስ ገመድ ይኖራል ብዬ አሰብኩ።

ከሳርጋንስ አውቶቡሱ እንደተነሳ ቦክስ ፋይሉን ጭኔ ላይ አቁሜ፣ ፓስፖርቶቹን ከላይ አድርጌ፣ እንደ ፈተና ተቀማጭ ተዘጋጀሁ። ብዙም ሳንሄድ አንድ ድልድይ ተሻገርን። «ይህ ወንዝ ምንድን ነው?» አሉ አክስቴ። «ራይን ነው» አልኩ። ድንበሩ ራይን መሆኑን ከራሴ በላይ የሚያውቅ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ያስቆመን ሰው ስላልነበረ ድንበሩ ገና ነው ብዬ ደመደምኩ። ወዲያው ስልኬ ጮኸና ወደ ሊችተንስታይን እንኳን ደህና መጡ የሚል መልእክት ደረሰኝ፤ ድንበር አጠገብ ስልክ የጎረቤትን መረብ መጥለፉ የተለመደ ነው ብዬ አጠፋሁት። በኮረብታ ላይ የተገተረ ግንብ ታየ። አክስቴ «ይህስ የማን ነው?» ሲሉ «ስዊስ ውስጥ እንዲህ ያለ ሞልቷል፣ ጉልበትዎን ለዋናው ይቆጥቡ» አልኳቸው። ባልዘርስ የሚገኘው የጉተንበርግ ግንብ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የታርጋው ነገር ነው። የሊችተንስታይን መኪና ታርጋው ጥቁር ሆኖ በነጭ ፊደል የተጻፈ በመሆኑ ማንም ይለየዋል። ከፊታችንም፣ ከኋላችንም፣ በየደጁም የቆመው መኪና ሁሉ ጥቁር ታርጋ ነበር። አየሁት። አይቼም ዝም አላልኩም፤ ለአክስቴ «ቅዳሜ ስለሆነ የሊችተንስታይን ሰዎች በሙሉ ስዊስ ለገበያ ወጥተዋል» ብዬ ተነተንኩላቸው። እሳቸውም «ታዲያ አገሩ ባዶውን ይጠብቀን ይሆናል» ብለው አዘኑ።

ከዚያ የወይን እርሻ፣ ከዚያ በላይ በተራራው ወገብ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ግንብ መጣ፣ አውቶቡሱ ቆመ፣ ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ ሁሉ ወረደ። የፌርማታውን ስም የሚያሳየው ሰሌዳ ከፊቴ ነበር፣ ነገር ግን ቦክስ ፋይሉ ጋርዶታል። ድምፅ ማጉያውም ተናግሮ ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት ግን የክትባት ካርዱን ከእድር ደብተሩ በላይ እያስቀደምኩ ስለነበር የፋይሉ መቆለፊያ ጮኸበት። «ካሜራ የያዙት እኮ ወረዱ» አሉ አክስቴ። «እነሱ ያልተማሩ ቱሪስቶች ናቸው» አልኩ። አዎ፣ እንደዚህ ነው ያልኩት።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ጣሪያ ያለው የጉምሩክ ጣቢያ፣ ባንዲራና የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው አየሁ። የደስታዬን ልክ መግለጽ አልችልም፤ ዓለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። «እትዬ ይነሱ፣ ሊችተንስታይን ደረስን!» ብዬ ቦክስ ፋይሉን አቅፌ ብድግ አልኩ። ጠባቂው ግን አውቶቡሱን በእጁ ምልክት ሰጥቶ አሳለፈው። ወረቀት ሳይታይ ማለፉ አንድ ቀን በእኛ ላይ ችግር ያመጣል ብዬ ሰግቼ ወደ ሾፌሩ ሄድኩና በተቻለኝ መጠን በተስተካከለ ጀርመንኛ «ወደ ሊችተንስታይን ስንገባ ፓስፖርት አይታይም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ፣ ከዚያ ቦክስ ፋይሉን አየ፣ ከዚያ በጣም በቀስታ፣ ለሕመምተኛ እንደሚነገረው አድርጎ «ጌታዬ፣ ከሊችተንስታይን አሁን ወጣን እኮ» አለኝ።

መቆለፊያው የተከፈተው በዚያን ጊዜ ነው። ሰባ አራቱም ገጽ አውቶቡሱ ወለል ላይ ተበተነ። ተሳፋሪዎቹ ደግ ሰዎች ስለሆኑ እየሳቁ ለቀሙልኝ፤ አንድ ተማሪ የደመወዝ ወረቀቴን አንስቶ፣ አንብቦ፣ ሳይስቅ ሰጠኝ። ከሁሉ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ኦስትሪያ ውስጥ ፌልድኪርሽ ላይ ወርደን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አክስቴ ዝም ብለው ከቦርሳቸው ቆሎ አወጡ። ሾፌሩ ያለውን ስተረጉምላቸው ማኘካቸውን አቁመው «ሰው ፌርማታ ያሳልፋል አቡሽ፤ አንተ አገር አሳለፍክ?» አሉኝ። ራሴን ለማጽናናት ስልኬን ከፍቼ ብፈልግ አንድ ነገር አገኘሁ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ወደ 170 የሚሆኑ የስዊስ ወታደሮች በልምምድ ላይ ሳሉ በሌሊት መንገድ ስተው ሳያውቁት ሊችተንስታይን ገብተው ነበር። የሠለጠነ ጦር እንኳ ያላወቀውን ድንበር እኔ ባላውቅ ምን ይገርማል ብዬ በኩራት አነበብኩላቸው። አክስቴ አዳምጠው ሲጨርሱ «እነሱ ሳያውቁ ገቡ፣ ሲያውቁ ወጡ። አንተ ግን ሳታውቅ ገብተህ ሳታውቅ ወጣህ» አሉና ቆሎውን ቀጠሉ። «የምትወርድበትን እኮ አይቼዋለሁ» አሉ ትንሽ ቆይተው፤ «ቫ፣ ዱ የሚል ተጽፎ ነበር። የምታውቅ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

በተመላሹ አውቶቡስ ቫዱዝ ስንደርስ ከመርሐ ግብሩ የቀረው የማህተሙ ክፍል ብቻ ነበር፣ ምክንያቱም ሁሉን ነገር አክስቴ «ይህን ጠዋት አይቼዋለሁ» እያሉ ሰረዙት። ግንቡን ጠዋት አይተዋል። ወይኑን ጠዋት አይተዋል። መረጃ ቢሮው ገብተን ተራችን ሲደርስ ልጅቷ በፈገግታ «ፓስፖርት?» አለች። ያን ሁሉ መንገድ ስጠብቀው የነበረው ቃል ይኸው መጣ፤ እጄ ወደ ፋይሉ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። ይህ ማህተም የመታሰቢያ ነው፤ የመንግሥት ማህተም አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት አክስቴ ቪዛ ሲጠይቁ ያ ቆንስላ «ይህ ምንድን ነው?» ቢላቸውስ? በዚያ ላይ 30,000 ፍራንኩ አለ። «ፓስፖርት አንሰጥም» አልኩ። ልጅቷ ግራ ተጋባች። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች መንቆራጠጥ ጀመሩ። በዚያን ቀን ወረቀታችንን ለማየት የፈለገችው አንዲት ሰው እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷንም እኔ ከለከልኳት።

አክስቴ ከዚህ በላይ አልታገሡም። ቦክስ ፋይሉን ከእጄ ወስደው ከፈቱ፣ ጥቂት ገጾች ገለበጡና የቀበሌ መታወቂያቸውን ቅጂ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት። ሦስት ፍራንኩንም ራሳቸው ከፈሉ።

አሁን ያ ወረቀት በመስታወት ተደርጎ አዲስ አበባ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። የአክስቴ ልጅ ፎቶውን ልካልኝ ነበር፤ የሊችተንስታይን ማህተም በትክክል በቀበሌው ክብ ማህተም ላይ አርፎ ሁለቱም አይነበቡም። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፣ አክስቴም ከሳርጋንስ ጀምረው ይተርካሉ፣ የሾፌሩን ድምፅ ሳይቀር ያስመስላሉ ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ደውለው የጎረቤታቸው ልጅ ለሥራ ሉክሰምበርግ እንደምትሄድ ነገሩኝና ስልኩን ሰጧት። ልጅቷ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «ጋሼ፣ የት ጋ እንደምወርድ እርስዎን እንዳልጠይቅ ተነግሮኛል» አለችኝ።